ወደ ምሥራቅ የተገለበጠው ወደብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ዳይሬክተሯ ባደረጉት ንግግር «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቅሬታ ሳይቀርብባቸው ያገለገሉ» ብለው አመሰገኑኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ጋቢዬን ከትከሻዬ እንዳይንሸራተት ይዤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቅሬታ አለመቅረቡ እውነት ነው። ቅሬታ ማቅረብ የነበረበት ሰው ጥፋቱ የራሱ መስሎት፣ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ ስለሄደ ነው ያልቀረበው።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው። ሥራዬን ሳላስረዳ ግን እሱን ማስረዳት አልችልም።

ሥራዬ ብሬል መጻፍ ነበር። እኔ ራሴ ዓይናማ ነኝ። ያደግሁት ሰበታ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥተው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ሰበታ ላደገ ሰው ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ሰው ብርቅ አይደለም። አስፋልት ስናሻግራቸው፣ ሚኒባስ ስናሳፍራቸው ነው ያደግነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ እዚህም እዚያም ታይፕ ስመታ ቆይቼ፣ ፉሪ ዳገቱ ላይ ያለ አንድ ድርጅት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እዚያ የነበሩት ሰዎች ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደመወዙ ቤት ኪራይ ከፍሎ ለሽሮ ይተርፍ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

የተቀበሉኝ ኦቦ ገመዳ ነበሩ። ለገዳዲ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን የወሰደባቸው፣ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው። የምስክር ወረቀቴን ላሳያቸው ስዘጋጅ፣

«እጅህን ታጥበሃል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጠዋት…»

«አሁን ታጠብ። ላብ ያለው ጣት ውሸታም ነው።»

ታጥቤ ስመለስ አንገታቸው ላይ የነበረውን ሻርፕ አውልቀው ዓይኔን አሰሩኝና አንድ የተወጋ ወረቀት ከፊቴ አስቀመጡ። «ኢጀ ኬ ጩፊ» አሉ፤ ዓይንህን ጨፍን ማለት ነው። ዓይኔ ታስሯል እኮ አልኳቸው። «ከሻርፑ ሥር ከፍተኸዋል፤ ቅንድብህ ሲንቀሳቀስ በድምፅህ አውቃለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ብሬልን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። በእጅ ስንጽፍ ወረቀቱን የምንወጋው ከጀርባው ነው። ስሌት የምንለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማዕቀፍ ወረቀቱን ይይዛል፤ ስታይለስ በምንለው አጭር ባለ እጀታ መውጊያ አንድ በአንድ እንወጋለን። ስንጨርስ ወረቀቱን እንገለብጠዋለን፤ የወጋነው ነጥብ በፊት በኩል አብጦ ይወጣል፤ ጣት የሚያነበው ያንን ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሲጻፍ የተገለበጠ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለህ፣ በቀኝ ያለውን ነጥብ በግራ ትወጋለህ። ከአንድ ዓመት በኋላ እጅህ ይለምደዋል፤ አእምሮህ ግን እንደዞረ ነው።

ካርታ ደግሞ ከፊደልም ይብሳል። የካርታውን ዘዴ ያወጡት ኦቦ ገመዳ ራሳቸው ነበሩ። ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉባት ጥርስ ያላት ትንሽ መንኮራኩር አለች። ካርታውን ከመጽሐፉ በስስ ወረቀት ትቀዳለህ። ስሱን ወረቀት ትገለብጠዋለህ። የተገለበጠውን በወፍራሙ ወረቀት ጀርባ ላይ አስቀምጠህ፣ ከሥር ቆዳ አንጥፈህ፣ በመስመሩ ላይ መንኮራኩሯን ትነዳለህ። ኦቦ ገመዳ ስሱን ወረቀት ገና ሳልጀምር የቀኙን ጥግ በጥርሳቸው ይቀዱልኝ ነበር። «የተቀደደው ወደ ግራህ ከመጣ ገልብጠሃል። ካልመጣ ደሴቱን ባሕር ውስጥ ከተኸዋል» ይሉኛል።

ሌላው ልማዳቸው ከሁሉም የባሰ አሰልቺ ነበር። ማንኛውም ወረቀት ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የጻፈው ሰው ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ያነበዋል። ካርታ ከሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። እሳቸው አጠገቤ ሻይ እየጠጡ ይጠይቁኛል።

«ሰሜን የት ነው?»

«ከላይ።»

«ዓባይ ከጣና በየት በኩል ወጣ?»

«በ… በቀኝ በታች።»

«ቆይ፣ ጣትህ ነው የነገረህ ወይስ ጂኦግራፊ?»

ጂኦግራፊ ነዋ። እንደገና ከመጀመሪያው። አንዳንድ ቀን በጣም ከመናደዴ የተነሳ መስኮት ልሰብር ይቃጣኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እኚህ ዓይነ ስውር ሰው ሙሉ ቀን የሚታገሉት ከዓይኔ ጋር ነበር።

ኦቦ ገመዳ ዕድሜያቸው ደርሶ ቡራዩ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። መንኮራኩሯን በእጄ ላይ አስቀምጠው መዳፌን በሁለት እጃቸው ዘጉት። ጥሩ ደቀ መዝሙር መሆኔን ለሁሉም ሰው ተናገርኩ። በሁለተኛው ወር ዓይን ጨፍኖ ማንበቡን ተውኩት። ተማሪ በር ላይ ተሰልፎ ማን ተቀምጦ ጣቱን ያሻል? ዓይኔ ጤነኛ ነው፤ አየት አድርጌ አሳልፈዋለሁ። ሥራው ፈጠነ፣ አለቆቼ ተደሰቱ፣ እኔም ኮራሁ።

ሙላት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

ሙላት ባሕረኛ ነበር። ምጽዋ ወደቡ ላይ ሲዋጉ የፈነዳ ነገር ሁለቱንም ዓይኑን አጠፋው። ያኔ ገና ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። እኔ ሳውቀው ከእኔ ጥቂት የሚያንስ ጎልማሳ ሆኖ አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ታሪክ ያጠና ነበር። ሲቆም እግሮቹን ፈርከክ ያደርጋል፤ መሬቱ እንደ መርከብ ይዋልል ይመስል። ቀልደኛ ነው። በሩ ላይ እንቅፋት መትቶት «እዚህ ወደብ መብራት የለም እንዴ?» እያለ ነው የገባው።

የያዘው የመምህሩን ማስታወሻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ጉዋም ስለምትባል ደሴት። ጃፓኖች ከአሜሪካኖች ቀምተዋታል፤ አሜሪካኖች ሊያስመልሷት መጥተዋል። የሚፈልጉት ወደቧን ነው፤ በዚያ ሰፊ ባሕር ላይ መርከብ ተጠግቶ የሚያራግፍበት እንዲህ ያለ ወደብ ብዙ የለም። ከወደቡ በስተደቡብ በኩል ወደ ባሕር የሾለ የመሬት ምላስ አለ። አሜሪካኖቹ ከወደቡ ወዲያና ወዲህ ባሉ ሁለት ዳርቻዎች ወረዱና የምላሱን ሥር ቆረጡት፤ እዚያ የነበሩት ጃፓኖች ከኋላቸው ባሕር፣ ከፊታቸው ጠላት ሆኖባቸው ቀሩ። የደሴቲቱን ሰዎች ደግሞ ጃፓኖቹ አስቀድመው ከየቤታቸው ነድተው ወደ መሀል አገር ሰፈር ወስደዋቸው ነበር።

ማስታወሻውን ሳነብለት ሙላት ቀልዱን ተወ።

«እኛም እንዲሁ ነበርን» አለ። «ከተማው ደሴት ነው። ወደ የብስ የምትወስደው አንዲት መንገድ ናት። እሷ ስትቆረጥ አለቀ። ከዚያ በኋላ የምታየው ባሕሩን ብቻ ነው። ከወዲያ የሚተኩሱብን ልጆች የሚሰድቡን በራሳችን ቋንቋ ነበር፤ የማን እናት እንደምታለቅስ ግራ ይገባሃል።» ቀጥሎም፣ «ካርታውን ሥራልኝ፣ ተካ። ይህ ቦታ በወሬ ብቻ አይበቃኝም፤ እጄ ላይ ላግኘው» አለኝ።

መምህር መሆን ይፈልግ ነበር። የታሪክ መምህር፤ ያውም ካርታ ፊት ቆሞ የሚያስተምር። «ዓይነ ስውር ካርታ አያስተምርም የሚሉትን አሳያቸዋለሁ» ይል ነበር። የመጨረሻ ዓመት ጽሑፉንም በሁለቱ ወደቦች ላይ ሊያደርገው አስቧል።

ካርታውን በአንድ ከሰዓት ሠራሁት። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ዳርቻው በመንኮራኩሯ ጥርት ብሎ፣ የመሬቱ ምላስ ሾል ብሎ፣ የወደቡ አፍ በሁለት ትልልቅ ነጥብ ተለይቶ፣ የመርከቦቹ መንገድ በጥቃቅን ነጥብ። ጨርሼ መጽሐፉን ከጎኑ ዘርግቼ አስተያየሁት። ቁርጥ እሱን! ምላሱ በመጽሐፉ ላይ ወደ ግራ ሾሏል፤ በወረቀቴም ላይ ወደ ግራ። በራሴ ተደስቼ ሙላት መጥቶ እንዲወስደው በሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ያየሁት ግን ጀርባውን ነው። የወጋሁበትን። ስሱን ወረቀት መገልበጥ ረስቼ ነበር። ጥጉንም አልቀደድኩም፤ የኦቦ ገመዳ ጥርስ ነዋ፣ የእኔ አይደለም። ለዓይኔ ትክክል የሆነው ካርታ ለጣት ሲቀርብ ምዕራቡ ምሥራቅ፣ ምሥራቁ ምዕራብ ሆኗል። ዓይኔን ጨፍኜ አንዴ ብዳስሰው ኖሮ አውቀው ነበር። ይህን ስህተት ዓይነ ስውር ሰው አይሠራውም።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። የሚያሳፍረኝ የሚቀጥለው ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሙላት ተመልሶ መጣ። የፈተና ወረቀት ተከምሮብኝ እየወጋሁ ነው።

«ተካ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ማስታወሻው ወደቡ በደሴቲቱ ምዕራብ ነው ይላል። ካርታህ ላይ በቀኝ እጄ ነው የማገኘው። ምሥራቅ መሆኑ ነው። የቱን ልመን?»

መጽሐፉ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ርቆ መደርደሪያው ላይ ነበር። አልተነሳሁም። ቀና እንኳ አላልኩም።

«ካርታው ከመጽሐፍ በቀጥታ የተቀዳ ነው። ማስታወሻው ላይ ሲተይቡ ተሳስተው ይሆናል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሙላት፣ የአሥር ዓመት ሥራዬ እኮ ነው!»

ሳቀ። «እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለ። «እኛም ዘንድ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ነበር። ወደብ ሲባል ለእኔ ምሥራቅ ነው።» አመስግኖኝ ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ከቀትር በኋላ መጣ። በሩ ላይ አልቀለደም። ካርታውን አጥፎት ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ እጥፋቱን ሊያቃናው ሞከረ።

ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ማስታወሻዎ ላይ ስህተት አለ፤ ወደቡ በምሥራቅ ነው» ማለቱን ነገረኝ። መምህሩ በምን አወቅህ አሉት። በካርታ፣ አለና ወረቀቱን ብድግ አደረገ። መምህሩ የግድግዳውን ካርታ ሰቅለው አንድ ተማሪ እንዲያነብ አስነሱ። ምዕራብ። ሙላት አልቀበል አለ። «እጄ ላይ ነው ያለው፤ እኔ ወደብ አውቃለሁ፤ ወደብ ላይ ነው ዓይኔ የፈሰሰው» ብሎ ተከራከረ። ያኔ አንዳንዶቹ ሳቁ።

እያወራኝ ሳለ ጣቴ ሳላዝዘው ካርታው ላይ አረፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሱን ለማየት አፍሬ ነው የጨፈንኩት። ጣቴ ዳርቻውን ይዞ ወረደ። የመሬቱ ምላስ ወደ ቀኝ ሾለ። እንደገና ሄድኩበት። ወደ ቀኝ። ታሪኩን ሳይጨርስ አውቄዋለሁ።

«መምህሩ ግን አልተቆጡኝም» አለ ሙላት። «ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ካርታ የዓይን ነገር ነው፣ ሙላት፤ ከእንግዲህ በካርታ ጥያቄ አናስቸግራችሁም› አሉ። ሌሎቹም ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ደስ አላቸው፤ አንድ ጣጣ ቀለለላቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፤ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ተካ። ያንን የመሰለ ሥራህን በሰው ፊት አዋረድኩት። ጣቴ ነው የተሳሳተው። ዕድሜዬ ሠላሳ ካለፈ በኋላ የተማረ ጣት፣ ምን ይደረግ!»

ሁለት ቃል ብቻ መናገር ነበረብኝ። «እኔ ነኝ» ማለት።

«ምንም አይደል» አልኩት።

ከዚህ የባሰ ነገር በሕይወቴ አልተናገርኩም። ትከሻውንም መታ መታ አድርጌዋለሁ። ካርታውን ትቶልኝ ሄደ።

ለምን ዝም አልኩ? ብዙ ሰበብ ነበረኝ። ድርጅቱ ይሰደባል፤ ሌላ ጊዜ ሲረጋጋ እነግረዋለሁ፤ እሱም ይረሳዋል። ሁሉም ሰበብ ነው። የኦቦ ገመዳ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተካ እንዲህ ያለ የጀማሪ ስህተት ሠራ መባልን ፈራሁ፤ ይኸው ነው።

ሙላት ታሪክ ማጥናቱን ተወ። ወደ አማርኛ ቋንቋ ትምህርት ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ። ካርታ የሚያዝ ተማሪም እየጠፋ ሄደ፤ ማን አስፈለገኝ ይላል? መንኮራኩሯን መሳቢያ ውስጥ፣ ከካርታው ሥር አስቀመጥኳት።

በዚያው ዓመት ኦቦ ገመዳን ልጠይቅ ቡራዩ ሄድኩ። ካርታውን ይዤ፣ ልነግራቸው ወስኜ ነው የሄድኩት። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እጃቸውን ታጠቡና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ጣታቸው ዳርቻውን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ጉዋምን አያውቋትም፤ የተገለበጠች መሆኗን በምን ይወቁ?

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። «ንጹሕ ሥራ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ አነበብከው?»

«አዎ፣ ኦቦ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ አንብቤዋለሁ፣ ሙላት ፊት። ግን የጠየቁኝ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ደስ ብሏቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደዚያው አምነውኝ አረፉ።

የቀረው የሥራ ዘመኔ እንደማንኛውም ሰው ነው። ዳይሬክተር መጣ፣ ሄደ። ሱሉልታና ሰበታ ላሉ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት በካርቶን አደረስኩ። ብሬል በማሽን መታተም ጀመረ፤ ቀጥሎ ልጆቹ በሚናገር ስልክ ማንበብ ጀመሩ። የእኔ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ብቻ ቀረው፤ እሱንም ጡረታዬ ዘጋው።

መሳቢያዬን በካርቶን ወደ ቤት ባመጣሁት ዕለት ባለቤቴ ዕቃውን ስትለይ የታጠፈውን ወረቀት አገኘችው። ይሄስ ይጣል? አለችኝ። ነገርኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ያልወጣኝ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። አላጽናናችኝም።

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችኝ። «ሰውየው በሕይወት አለ አይደል?»

አለ። ሱሉልታ፣ ዓይነ ስውራን ልጆች ያሉበት ልዩ ክፍል ውስጥ ያስተምራል።

የዛገችውን መንኮራኩር በጋዝ አጥቤ ካርታውን እንደገና ሠራሁት። የስሱን ወረቀት ጥግ በጥርሴ ቀደድኩ። ስጨርስ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለቤቴ ከመጽሐፉ እየጠየቀችኝ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ ከፉሪ ተነስቼ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ሚኒባስ ቀይሬ፣ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወረድኩ። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ በሁለተኛው ነው የሰማሁት።

ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ። «ጤና ይስጥልኝ» ከማለቴ ከውስጥ፣

«ተካ ነህ እንዴ? አከም ጂርታ! ና ግባ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሃል!» አለ።

ጸጉሩ ነጭቷል። እግሮቹን እንደ ድሮው ፈርከክ አድርጎ ነው የቆመው። ወንበር አልያዝኩም። ሁለቱንም ካርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «አሮጌውን መጀመሪያ አንብበው» አልኩት። ነካ ሲያደርገው አወቀው፤ ፊቱ ተለወጠ። ቀጥሎ አዲሱን። ጣቱ ዳርቻውን ይዞ ወረደ፤ የመሬቱ ምላስ ጋ ደረሰ፤ ወደ ግራ ሄደ። ቆመ። ወደ አሮጌው ተመለሰ። ሁለቱን እጆቹን በሁለቱ ካርታዎች ላይ አኑሮ ቆየ።

«ገልብጠኸዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«ሳልገለብጥ ነው የወጋሁት። ጣትህ ትክክል ነበር።»

ሚስቱ ውሃ ይዛ መጥታ ቆማ ቀረች።

«መቼ አወቅክ?»

«አንተ ታሪኩን እየነገርከኝ ሳለ።»

«ይቅርታ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ብሰደብ እወድ ነበር። እሱ ግን ተቀመጠ። «እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ?» አለ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለእነዚህ ልጆች ‹ካርታ ሲመጣ ዝለሉት፣ እዚያ ላይ ጣታችሁን አትመኑ› ስላቸው ኖርኩ። እኔ ነኝ የምላቸው! ዓይነ ስውር ካርታ አያስተምርም የሚሉትን አሳያቸዋለሁ ያልኩት ሰውዬ።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት።

«እሱን ቆይ» አለ። «ያኔ እኔ ነኝ ይቅርታ የጠየቅሁህ። ተቀብለህ አስቀምጠኸዋል። መጀመሪያ እሱን መልስልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«በጠፋበት ቦታ። ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ ፊት። ሃያ አንድ ልጆች አሉኝ። ሃያ አንድ ካርታ ይዘህ ና።»

አንድ ወር ፈጀብኝ። ሃያ አንዱንም ዓይኔን ጨፍኜ አንብቤያለሁ። ሙላት ይህንን ጽሑፍም በብሬል እንድወጋለት አዟል፤ ሌላ ሰው እንዲያነብለት አልፈለገም።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ልጆቹ ድምፄ ወደሚመጣበት አንገታቸውን አዘንብለው ተቀመጡ። ካርታውን የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ መምህራቸው መጥቶ እንደጠየቀኝ፣ ሳላይ እንደመለስኩለት፣ ተስቆበት ሲመጣ እንዳወቅሁና ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። «የመምህራችሁ ጣት ትክክል ነበር» ብዬ ጨረስኩ።

ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ሲጠይቅዎት ምን አሉት?»

«ምንም አይደል አልኩት።»

ልጅቷ ወደ ጎረቤቷ ዞራ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አልሰማሁትም። ደግማ እንድትናገረውም አልጠየቅኳትም።

«እሺ» አለ ሙላት። «አሁን ካርታውን አድላቸው።»

እያንዳንዱን ጠረጴዛ ዞርኩ። አርባ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ወረቀት ሲዳስስ የሚሰማውን ድምፅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ወደቡ የት ነው?» አለ ሙላት።

ጊዜ ወሰዱ። ያቺው ልጅ ቀደመች። «በግራ በኩል። ምዕራብ።»

«መጽሐፉ ምሥራቅ ነው ቢልሽስ?»

ልጅቷ እንደገና ዳሰሰች፤ አልተቸኮለችም።

«እዚህ ነው ያለው፣ መምህር» አለች።

ሙላት ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር ራሱን ነቀነቀ። ይቅር በለኝ ብዬ የጠየቅኩትን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። እኔም አልደገምኩትም፤ የእሱን ይቅርታ ከመለስኩለት ገና ሁለት ሳምንቴ ነው።